«ሆቴል ካሊፎርኒያ»፦ ስለ ግጥሙ ለጠየቃችሁ

የአሜሪካው የሮክ ባንድ «ኢግልስ» «ሆቴል ካሊፎርኒያ» የተባለውን ዘፈን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 መጨረሻ ነው። ታሪኩ አጭር ነው። በሌሊት በረሃ የሚያቋርጥ መንገደኛ ድካም ሲጥለው ከሩቅ መብራት ያያል። አንዲት ሴት ሻማ ለኩሳ ታስገባዋለች። ድግሱ ይደምቃል። ልሂድ ብሎ ወደ በሩ ሲሮጥ የሌሊት ተረኛው «ክፍልህን በፈለግህ ጊዜ ማስረከብ ትችላለህ፤ መሄድ ግን አትችልም» ይለዋል።

ጥያቄ፦ ሆቴሉ በእውን አለ?

መልስ፦ የለም። ሜክሲኮ ውስጥ በቶዶስ ሳንቶስ ከተማ ስሙን የያዘ ሆቴል አለ፤ ባንዱም በ2017 ከስሶት በኋላ ጉዳዩ በስምምነት አልቋል። በአልበሙ ሽፋን ላይ ያለው ሕንፃ ደግሞ ቤቨርሊ ሂልስ ሆቴል ነው።

ጥያቄ፦ የሰይጣን አምልኮ መዝሙር ነው ስለተባለ በቤታችን እንዳይሰማ ከልክያለሁ። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ የቤትዎን ሕግ እርስዎ ያውቃሉ፤ ወሬው ግን መሠረት የለውም። የተነሣው በአልበሙ የውስጥ ፎቶ ሰገነት ላይ ከሚታይ፣ የሰይጣን አምላኪዎች መሪ ነው ከተባለ ደብዛዛ ሰው ነው። መንገደኛው በሩ ላይ ቆሞ «ይህ ገነት ይሆን ወይስ ሲኦል?» ብሎ ያስባል። ይህ የሚሰግድ ሰው ሳይሆን የሚጠራጠር ሰው አነጋገር ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በግጥሙ «እስረኞች» የተባሉት እነማን ናቸው?

መልስ፦ እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ ይህ ነው። ዘፈኑን ከቀረጹት የባንዱ አባላት አንድም የካሊፎርኒያ ተወላጅ አልነበረም። ሄንሊ ከቴክሳስ፣ ፍሬይ ከሚሺጋን፣ ፌልደር ከፍሎሪዳ፣ ማይስነር ከነብራስካ፣ ዎልሽ ከካንሳስ የመጡ ናቸው። ሎስ አንጀለስ ገብተው ዝናና ገንዘብ ያገኙ እንግዶች ናቸው። መንገደኛውን ከራሳቸው ቀድተውታል ብዬ አምናለሁ። ሄንሊም ዘፈኑን ከየዋህነት ወደ ልምድ የሚወስድ ጉዞ ብሎ ገልጾታል።

ሴትዮዋ የምትናገረውን ልብ በሉ፦ እዚህ ያለነው ሁላችን በገዛ እጃችን የታሰርን ነን ትላለች። ሰንሰለትም ጠባቂም አልጠቀሰችም። ከዚያ ተጋባዦቹ ከበው አንድ አውሬ በቢላዋ ይወጋሉ፤ መግደል ግን ያቅታቸዋል። ብዙዎች ኮኬይን ነው ይላሉ። ያስኬዳል፤ ለእኔ ግን ይጠባል። አውሬው ሰው ከጠገበ በኋላም የማይለቀው አምሮት ነው። ኮኬይኑም፣ በግጥሙ የሚጠቀሱት ጌጡና መርሴዲስ መኪናውም ቀለቡ ናቸው።

ጥያቄ፦ 1969 ለምን ተጠራ?

መልስ፦ መንገደኛው ወይን ሲያዝ አስተናጋጁ «እንዲህ ያለ መንፈስ ከ1969 ወዲህ እዚህ የለም» ይለዋል። የእንግሊዝኛው ቃል (spirit) አረቄም መንፈስም ስለሚሆን ወይን አረቄ አይደለም እያሉ የሚያርሙ አልጠፉም፤ ቀልዱ አልፏቸዋል። በዚያ ዓመት በነሐሴ የዉድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል ሕዝብ የፍቅርና የሰላም ዘመን መጣ ሲል፣ በታኅሣሥ በአልታሞንት ኮንሰርት ሰው በስለት ተገደለ። በሰባት ዓመት ውስጥ ያ ተስፋ ወደ ንግድ መዞሩን ነው የሚነግረን።

ጥያቄ፦ ሰውዬው በመጨረሻ አመለጠ?

መልስ፦ ግጥሙ አይነግረንም። ከተረኛው ንግግር በኋላ ቃል የለም፤ የፌልደርና የዎልሽ ጊታሮች ሁለት ደቂቃ ያህል እየተቀባበሉ ያንኑ የዘፈኑን የኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ዙር ይመላለሱበታል። ሄንሊ ጊታሩ ልክ እንደ መጀመሪያው የሙከራ ካሴት ይሁን ብሎ ድርቅ በማለቱ፣ ፌልደር ከማያሚ ስቱዲዮ ወደ ቤቱ ደውሎ የቤት ሠራተኛዋን ካሴቱን በስልክ እንድታሰማው አድርጓል። ይህን ያህል የተጨነቁበትን ክፍል ማጀቢያ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ያው ዙር እየተመላለሰ ነውና ለእኔ ሰውዬው አላመለጠም።

ጥያቄ፦ የትኛውን ቅጂ ልስማ?

መልስ፦ ግጥሙን ለመከተል የ1976ቱን። ጊታር የሚወዱ ከሆነ የ1994ቱን የመድረክ ቅጂ ይጨምሩበት፤ መግቢያው ብቻውን ይበቃል።