አሁን ባቆም ምን ይጠቅመኛል?

ጤና ይስጥልኝ። 50 ዓመቴ ነው፤ ሲጋራ የጀመርኩት ገና በጉርምስናዬ ነው። ባለቤቴ አቁም እያለች ትለምነኛለች፣ እኔም ልቤ ይፈልጋል። ግን ታላቅ ወንድሜ ሲጋራ ባቆመ ብዙም ሳይቆይ የሳንባ ካንሰር ተገኘበትና አረፈ። ጓደኞቼ «የለመደ ሰውነት ድንገት ሲከለከል ነው የሚታመመው» ይሉኛል። ሳንባዬ እንደሆነ አንዴ ተበላሽቷል። አሁን ባቆም ምን ይጠቅመኛል? ቀነስ ባደርግስ አይበቃም?

መልስ፦

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። ወንድምዎን ግን ማቆማቸው አልገደላቸውም። የሳንባ ካንሰር ምንም ምልክት ሳያሳይ ውስጥ ውስጡን ለዓመታት ሊያድግ ይችላል። ብዙ ሰው ሲጋራ የሚያቆመው ደግሞ ሳሉ ሲበረታበት ወይም ትንፋሽ ሲያጥረው ነው፣ ያኔ በሽታው አስቀድሞ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ምርመራው ሲመጣ ታዲያ ጥፋቱ በማቆሙ ላይ ይላከካል።

«አንዴ ተበላሽቷል» የሚለው ግን ይበልጥ አሳስቦኛል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት፣ አጫሽ ወንዶች 75 ዓመት ሳይሞላቸው በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸውን አስልቷል። ማጨሱን ከቀጠሉት ከ100 ሰው 16 ያህሉ ይሞታሉ። በ60 ዓመታቸው ካቆሙት 10፣ በእርስዎ ዕድሜ ካቆሙት 6 ብቻ። ከ16 ወደ 6! ይሄ ትንሽ ነገር ነው?

ጭሱ የሳንባን ሴሎች ዘረ መል ይጎዳል፣ ጉዳቱም በየሲጋራው ይደራረባል። ሲያቆሙ መደራረቡ ያቆማል፣ ከጉዳት የተረፉ ጤነኛ ሴሎችም ቀስ በቀስ ቦታውን መያዝ ይጀምራሉ። የድሮው ጉዳት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ጨርሶ አጭሶ ከማያውቅ ሰው ጋር እኩል ይሆናሉ ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ካቆሙ 10 ዓመት ገደማ ሲሞላዎት የሳንባ ካንሰር ስጋትዎ ማጨሱን ከቀጠለው ሰው በግማሽ ያህል ይወርዳል።

መቀነሱ አይበቃም። ለሳንባ ካንሰር በቀን ስንት አጨስኩ ከሚለው ይልቅ ስንት ዓመት አጨስኩ የሚለው ይከብዳል። የሚቀንሱት ለማቆም ከሆነ ጥሩ፣ የሚያቆሙበትን ቀን ግን አሁኑኑ ይቁረጡ። ብቻዎን አይታገሉ፤ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኒኮቲን አለ፣ የኒኮቲን ማስቲካ አለ፣ ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒትም አለ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳል ቢብስብዎ አይደንግጡ፤ ሳንባ አክታውን መጥረግ ሲጀምር ያጋጥማል። ደም የቀላቀለ አክታ፣ አልለቅ ያለ ሳል ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ካለ ግን ዛሬ ነገ ሳይሉ ይታዩ። ለማንኛውም የወንድምዎን ነገር ለሐኪም ይንገሩና በአነስተኛ ጨረር የሚሠራው የሲቲ ስካን ምርመራ ያስፈልገኛል ወይ ብለው ይጠይቁ፣ ብዙ ዓመት ላጨሰ በእርስዎ ዕድሜ ላለ ሰው መጠየቁ ተገቢ ነው። ሲሄዱ ባለቤትዎም አብረው ቢሆኑ ደስ ይለኛል።