ለልውውጥ ትምህርት ለምትወጡ የሰሜን ሸዋ ልጆች፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ሰሞኑን ብዙ ልጅ በውስጥ መስመር እየጻፈልኝ ለየብቻ መመለስ ስላቃተኝ እዚሁ በአንድ ላይ ብንጨርሰው ይሻላል ብዬ ነው። እኔ የመሃል ሜዳ ልጅ ነኝ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ግን ከሸዋ ውጭ ነው፣ በ2011 አንደኛ ሴሚስተር ላይ በኢራስመስ ፕላስ (የአውሮፓ ህብረት የልውውጥ ፕሮግራም) ጀርመን ሄጄ አንድ ሴሚስተር ተምሬ ተመለስኩ፣ አሁን ደብረ ብርሃን ነው የምሰራው። የማውቀው ልውውጡን ነው፣ ማለትም እዚህ እንደተመዘገባችሁ እዚያ ሄዳችሁ ተምራችሁ የምትመለሱበትን። የማስተርስ ስኮላርሺፕ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ እባካችሁ አትቀላቅሉት።

የደነባ ልጅ፦ እህቴ ሶስተኛ አመት ሲቪል ነኝ፣ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከራስህ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ግንኙነት ቢሮ። ልውውጥ ብቻህን ተነስተህ የምታመለክትበት ነገር አይደለም፣ ያንተ ዩኒቨርሲቲና የዚያኛው የተፈራረሙት ስምምነት መኖር አለበት። ቢሮው ሄደህ "ከማን ጋር ስምምነት አለን፣ የኔን ዲፓርትመንት ይጨምራል ወይ፣ ለዲግሪ ተማሪ ነው ወይስ ለማስተርስና ለመምህራን ብቻ" ብለህ ጠይቅ። ከ2 እስከ 12 ወር ነው የሚኬደው፣ የሚበዛው አንድ ሴሚስተር ነው። ሲቪል ስለሆንክ ደግሞ ከኢንተርንሺፕህ ጋር እንዳይጋጭ።

ሸዋሮቢት፦ እዚያ የተማርነው እዚህ ይቆጠርልናል?

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፣ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

የሚቆጠረው ከመሄዳችሁ በፊት በወረቀት ያስፈረማችሁት ብቻ ነው። ወረቀቱ ለርኒንግ አግሪመንት ይባላል፣ ሶስት ፊርማ አለው፣ ያንተ፣ የዩኒቨርሲቲህና የተቀባዩ። አንዱ ሰንጠረዥ ላይ እዚያ የምትወስዳቸው ኮርሶች ይጻፋሉ፣ ሌላኛው ላይ ደግሞ እነሱ እዚህ የትኞቹን ኮርሶች እንደሚተኩ። ብዙ ልጅ የመጀመሪያውን በደንብ ይሞላና ሁለተኛውን "ስመለስ እናስተካክላለን" ብሎ ባዶውን ይተወዋል። በፍጹም እንዳትተዉት። የአውሮፓው የክሬዲት መለኪያ ኢሲቲኤስ ይባላል፣ በሴሚስተር 30 ነው፣ አንድ ኢሲቲኤስ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ስራ ማለት ነው፣ የኛ ባለ 3 ክሬዲት ሀወር ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ 5 ኢሲቲኤስ ይባላል፣ ስለዚህ ቁጥሩን ማመጣጠን አይከብድም። የሚከብደው ይዘቱ ነው። የሁለቱንም ኮርስ ዝርዝር አትማችሁ ጎን ለጎን አድርጋችሁ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ (ሄዱ) ጋ ግቡ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ አሳዩት።

እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። እዚያ ስደርስ ካስፈረምኳቸው ኮርሶች አንዱ በዚያ ሴሚስተር አይሰጥም ተባልኩ፣ በሌላ ቀየርኩት፣ ለሄዳችን ደወልኩለት፣ "ችግር የለም፣ ውሰጂው" አለኝ። ደግ ሰው ነበር፣ ቃሉንም አላጠፈም። ስመለስ ግን ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ነበር፣ አዲሱ ሄድ ፋይሌን ገልጦ "እዚህ የተጻፈው ሌላ ኮርስ ነው" አለኝ። ምን ልበለው፣ እውነቱን ነው። ኮርሱ እዚህ በአመት አንዴ ስለሚሰጥ ባቼ ተመርቆ ሲወጣ እኔ አንድ አመት ጠበቅኩ፣ እናቴ ለምርቃት ብላ የቀለበችው በግ ሳይቀር ለፋሲካ ታረደ። ኮርስ ከቀየራችሁ የለውጡን ገጽ በዚያው ሳምንት አስፈርማችሁ በኢሜይል አስልኩ። በስልክ የተባለ አይቆጠርም።

ሁለተኛው ማርክ ነው። ጀርመን ውስጥ 1.0 ከፍተኛው ነው፣ 4.0 ማለፊያ፣ 5.0 መውደቅ። የኔ 1.3 እዚህ ሲደርስ የተቀበለኝ የሬጅስትራር ሰራተኛ አይቶ "ዲ ነው ያመጣሽው" አለኝ። ፖላንድ ደግሞ 5.0 ከፍተኛ፣ 2.0 መውደቅ ነው። ስለዚህ ከመመለሳችሁ በፊት ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የማርክ አሰጣጡን የሚያብራራ ማህተም ያለው ደብዳቤ ይስጣችሁ።

ሌላው፣ ለቀጣዩ ሴሚስተር ቅድመ ሁኔታ የሆነ ኮርስ ባለበት ጊዜ አትሂዱ። ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተና ስላለም የመጨረሻዋን ሴሚስተር ለልውውጥ አታድርጓት።

ሞላሌ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ውጭ እንዴት ነው የሚኬደው ብትነግሪኝ

መልስ፦ ወንድሜ ይሄ ጥያቄ አይመለስም። ስንተኛ አመት ነህ፣ ምን ትማራለህ፣ ዩኒቨርሲቲህ ስምምነት አለው ወይ? ይሄን ይዘህ ተመለስ።

ሰላ ድንጋይ፦ የልደት ቀን ወደ ፈረንጅ ሲቀየር 8 መደመር ነው አይደል? ትራንስክሪፕቴ ላይ እንደዛ ነው ያደረጉት

መልስ፦ አይደለም! ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ጋ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ 7 ነው የሚደመረው፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8። ኅዳር 12 ቀን 1995 የተወለደ ልጅ ኖቬምበር 21 ቀን 2002 ነው። 8 ደምረው 2003 ይጽፉበትና ፓስፖርቱ 2002 ሲል ኤምባሲው ሁለት የተለያየ ሰው ነው የሚያየው። የልደት ሰርተፊኬት፣ ትራንስክሪፕት፣ ፓስፖርት፣ ሶስቱ አንድ ቀን መናገር አለባቸው።

አንኮበር፦ እህታችን ትንሽ ላርም። በዘመነ ዮሐንስ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ስለሚውል ጃንዋሪ 1 ታኅሣሥ 22 ላይ ይውላል። በሌሎቹ ነው 23 የሚሆነው። 1996 ዮሐንስ ነበር፣ ታኅሣሥ 22 ቀን የተወለደ ልጅ 2004 ነው የሚጻፍለት

ደብረ ሲና፦ ኧረ በናትህ ማን ነው ይሄን የሚያስታውሰው፣ ስልክ ላይ መቀየሪያ አለ አይደል

አንኮበር፦ መቀየሪያው ላይ አመቱን ያሳሳተ ስንት ሰው አለ። አቆጣጠሩ የራሳችን ነው፣ አራቱን ወንጌላውያን መቁጠር እኮ አንድ ቀን አይፈጅም

ደብረ ሲና፦ አንተ አብነት ተምረህ ነው፣ ሁሉም ያንተን ያህል አልተማረም

መልስ፦ አንኮበር ልክ ነህ፣ አመሰግናለሁ፣ በዮሐንስ 7 የሚደመረው እስከ 21 ነው። መቀየሪያም ተጠቀሙ በእጅም ቁጠሩ፣ ሁለቱ ከተስማሙ በኋላ ጻፉ። በዚሁ የስም ነገር፣ ፓስፖርታችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈውን አንድም ፊደል ሳትቀይሩ በሁሉም ፎርም ላይ ገልብጡ። "ኃይለ" አንዱ ጋ በ"አይ" ሌላው ጋ በ"ዋይ" ከተጻፈ መከራችሁን ነው የምታዩት። የአያትን ስም ፓስፖርቱ በየትኛው መስመር እንዳስቀመጠው አይታችሁ እንደዛው አድርጉ።

ዓለም ከተማ፦ እኔ ተመርጫለሁ ግን አባቴ ሴት ልጅ ብቻዋን ባህር ማዶ አትሄድም ብሎ እምቢ አለ። ምን ልበለው

መልስ፦ እህቴ የኔም አባት እንደዛው ነበር። አትጨቃጨቂው። የተቀባዩን ደብዳቤ፣ የማደሪያውን አድራሻና የመመለሻ ቀንሽን በአማርኛ ጽፈሽ ስጪው፣ ከዚያ ከዩኒቨርሲቲሽ አንድ መምህር ወይም ከዚህ በፊት ሄዳ የመጣች ልጅ ታነጋግረው። አባቴን ያሳመነው የመመለሻ ቀኑ ነው። ከፈለግሽ እኔም እደውልለታለሁ፣ በውስጥ ቁጥሩን ላኪልኝ።

ጫጫ፦ ገንዘቡስ? የባንክ ስቴትመንት ስንት ይፈልጋል?

መልስ፦ በኢራስመስ ፕላስ ከሆነ እንደ አገሩ በወር ከ800 እስከ 900 ዩሮ ይሰጣል፣ ትኬትም ይታሰባል፣ የትምህርት ክፍያ የለም። በግልህ ጀርመን የምትማር ከሆነ ብሎክድ አካውንት (በየወሩ የተወሰነ ብቻ የሚወጣበት የባንክ ሂሳብ) ውስጥ በወር 992፣ ባመት 11,904 ዩሮ ይጠይቁሃል፣ ስታይፔንድ የሚገልጽ ደብዳቤ ከያዝክ ግን እሱን ይተካልሃል። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ከደረስክ በኋላ ነው የሚገባው፣ ለመጀመሪያው ወር የምትይዘውን አስብ፣ የቤት ኪራይ ማስያዣ አለ፣ የጤና መድንም ለብቻው በወር ከ120 ዩሮ በላይ ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት ሄዶ የመጣ ሰው በብር የነገረህን ሂሳብ ደግሞ እርሳው፣ ምንዛሬው ሌላ ሆኗል።

ሞላሌ፦ ክሬዲቱ ግን ይቆጠራል?

መልስ፦ ከላይ ሶስት አንቀጽ ጽፌያለሁ። እባካችሁ አንብቡ። የተፈረመ ይቆጠራል፣ ያልተፈረመ አይቆጠርም።

ሸኖ፦ እናቴ ቅቤና ቋንጣ እያዘጋጀችልኝ ነው፣ ስንት ኪሎ ይፈቀዳል?

መልስ፦ ምንም። ስጋና የወተት ውጤት ከኛ አገር ወደ አውሮፓ ህብረት በመንገደኛ እጅ አይገባም፣ የተነጠረ ቅቤም ቢሆን። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ ያዝ። የተነጠረውን እናትህ ጋ ተወው፣ ሽሮውን በዘይት ትሰራዋለህ።

ደብረ ሲና፦ እህቴ ሁለት ኪሎ የሸኖ ቅቤ ይዛ ፍራንክፈርት ገብታለች፣ ማንም አልነካትም

ጫጫ፦ የኔ አክስት ደግሞ እዚያው ፍራንክፈርት ሙሉውን ጣሉባት፣ አልቅሳ ነው የወጣችው

ደብረ ሲና፦ እሷ ቋንጣ ቀላቅላ ነዋ

መልስ፦ አንዷ አለፈች ማለት ተፈቀደ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ቀንህን በጉምሩክ ቅጣት አትጀምረው፣ የእናትም ልፋት መጣያ ውስጥ ባይገባ ጥሩ ነው።

ደብረ ብርሃን፦ ብርዱስ? ጋቢ ልያዝ?

መልስ፦ ያዝ። የኛን የታኅሣሥ ውርጭ የለመደ ሰው ብርዱ አይገድለውም፣ ቤቱም ይሞቃል። ጨለማው ነው የሚከብደው፣ ዲሴምበር ላይ በእነሱ አራት ሰዓት፣ በኛ አቆጣጠር አስር ሰዓት ላይ ይመሻል።

ሸዋሮቢት፦ አንድ ሰው ሰማንያ ሺህ ከሰጠኸኝ ልውውጡን አስጨርስልሃለሁ አለኝ

መልስ፦ እንዳትሰጠው። ደላላ የሚያስጨርሰው ልውውጥ የለም፣ የሚመርጥህ ያንተው ዩኒቨርሲቲ ነው። የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት እሸጥላችኋለሁ የሚሉም አሉ፣ ብዙ ጊዜ "ትምህርቱ የተሰጠው በእንግሊዝኛ ነው" የሚል የሬጅስትራር ደብዳቤ ይበቃል።

ጫጫ፦ ስለ አሜሪካስ?

መልስ፦ ጄ ዋን ቪዛ ነው፣ ተቀባዩ ዲ ኤስ 2019 የሚባል ፎርም ይልክላችኋል። ከዚህ በላይ የሄደ ሰው ጠይቁ።

ጨፋ፦ ከሴሚስተሩ በኋላ እዚያው መቅረት ይቻላል?

መልስ፦ ይሄን አልመልስም። የምትፈርሙት ለመመለስ ነው፣ አንድ ልጅ ሲቀር ከኋላው ለሚመጡት በሩ ይጠባል፣ ይሄን አይቻለሁ።

ደነባ፦ የቪዛ ቀጠሮዬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ ከደብረ ብርሃን ሌሊት ብነሳ እደርሳለሁ?

መልስ፦ አትሞክረው። 130 ኪሎ ሜትር ነው ብለህ አትመን፣ መንገዱ አንድ ቀን ከተዘጋ ቀጠሮው ያልፍሃል፣ ሌላ ቀጠሮ ሴሚስተሩ ከጀመረ በኋላ ሊሆን ይችላል። ከሁለት ቀን በፊት አዲስ አበባ ግባ፣ ዘመድ ጋ እደር። ከ90 ቀን በላይ ስለምትቆይ የምትጠይቀው የረጅም ጊዜውን ዲ ቪዛ ነው፣ የአጭር ጊዜውን ሲ ብለህ እንዳትሞላ። ዋናውንም ኮፒውንም ያዝ።

ሰላ ድንጋይ፦ እህቴ አሁን አየሁት፣ ፓስፖርቴ 2002 ይላል ትራንስክሪፕቴ 2003። ማን ነው የሚያስተካክለው?

መልስ፦ የልደት ሰርተፊኬትህን እይ። እሱ ከፓስፖርቱ ጋር ከተስማማ ሰርተፊኬቱንና ፓስፖርቱን ይዘህ ሰኞ ጠዋት ሬጅስትራር ግባ፣ በማመልከቻ እንዲያርሙልህ ጠይቅ። ሰርተፊኬቱም ከተሳሳተ መጀመሪያ ወሳኝ ኩነት ነው የምትሄደው። ያረሙበትን ደብዳቤ ኮፒ ሳትይዝ ከቢሮው አትውጣ። ስትጨርስ እዚሁ ጻፍልኝ።