የጎንደር ልደት ካርድ ለአሜሪካ ምርጫ?

ጥያቄ፦ ልጄ አሜሪካ ከሄደች 11 ዓመቷ ነው። ዜግነት ወስዳ አንዴ መርጣለች። ሰሞኑን «ዜጋ መሆንሽን አረጋግጪ፣ አለዚያ ከመራጮች መዝገብ ትሰረዣለሽ» የሚል ደብዳቤ ደረሳት። በኢሞ ስትነግረኝ ደነገጥኩ። በነጋታው ተሰልፌ የልደት ካርዷን አወጣሁ። በዲኤችኤል ልላክላት?
እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እናቴ፣ ብርዎን አያውጡ። የጎንደር ልደት ካርድ የሚመሰክረው ውጭ አገር መወለዷን ነው! የሚጠቅማት ቃለ መሐላ ስትፈጽም የተሰጣት የዜግነት ምስክር ወረቀት ወይም የአሜሪካ ፓስፖርቷ ነው።

ብዙ ጊዜ ጣጣው የሚመጣው ከመንጃ ፈቃድ መዝገብ ነው። መንጃ ፈቃዷን ያወጣችው በግሪን ካርድ ጊዜ ከሆነ፣ መዝገቡ ዛሬም «ዜጋ አይደለችም» ሊል ይችላል። እሷ ባንዲራ ይዛ ፎቶ ስትነሳ ኮምፒዩተሩ አልሰማም። እ.ኤ.አ. በ2024 የቨርጂኒያ ግዛት 1,600 ያህል ሰዎችን ከመራጮች መዝገብ ስትሰርዝ ክርክሩ ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የአሜሪካ የመራጮች ምዝገባ ሕግ የፌደራል ምርጫ ሊደርስ 90 ቀን ወይም ከዚያ በታች ሲቀረው በጅምላ መሰረዝን ይከለክላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ብሎ ለቨርጂኒያ ፈቀደላት።

ስለዚህ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ እንዳትረሳው። መጀመሪያ ለምርጫ ቢሮው ደውላ እውነተኛ መሆኑን ታጣራ፣ ከዚያ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ኮፒ ትላክ። ዋናውን እንዳትልክ!

እግረ መንገዴን፣ እዚህ ጎንደር መጥታ መምረጥ አትችልም። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። የልደት ካርዱን ግን በደንብ ያስቀምጡት፤ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ) ልታወጣ ስትመጣ ትፈልገዋለች።