መልስ፦ የብረቱ ወታደር እጅ ለምን ይወልቃል?

ወንድሜ፣ "ከብረት የተሠሩ ትንንሽ የጨዋታ ወታደሮቼን ክፍሎች በሱፐር ግሉ አጣብቄ ገና ሳነሳቸው እጃቸው ይወልቃል" ብለሃል። እኔንም እዚሁ ጅማ የመጀመሪያዬን ስገጣጥም ያስለቀሰኝ ይኸው ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሙጫው አይደለም። ከቅርጽ ማውጫው የቀረ ቅባት ሊኖርባቸው ይችላል። በለብታ ውሃ፣ በሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትገህ እጠባቸው፤ በደንብ ይድረቁ። ከዚያ የሚጋጠሙትን ፊቶች በትንሽ ሞረድ ጫር ጫር አድርግ። ልሙጥ ብረት ሙጫ አይዝም። ሙጫውም ጠብታ ይበቃል፤ ሲበዛ ቶሎ አይደርቅም። የፕላስቲክ ሞዴል ሙጫ ግን አትሞክር፤ የሚሠራው ፕላስቲኩን አቅልጦ ስለሆነ ብረት ላይ ዋጋ የለውም።

ከበድ ያለ እጅ ወይም ክንፍ ከሆነ ሁለቱን ክፍሎች ከውስጥ የሚያያይዝ ሽቦ ያስፈልገዋል። 1 ሚሊሜትር ፑንታ በእጅህ ቀስ እያልክ እያዞርክ አንዱን ጎን ብሳ። ቀዳዳው አፍ ላይ ጠብታ ቀለም አድርግ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ሌላውን ክፍል በልኩ ጫን አድርገህ አንሳው። ነጥቧ ያረፈችበት ቦታ ላይ ሁለተኛውን ትበሳለህ። ከዚያ ለሽቦነት የወረቀት አግራፍ በፒንሳ ቆርጠህ ከሙጫ ጋር ሁለቱም ቀዳዳዎች ውስጥ አስገባ። እኔ እንዲህ ያያያዝኩት ወድቆም አልወለቀም።

አደራ፣ ድሮ የተሠሩት ብዙዎቹ እርሳስ አለባቸው። ስትሞርድ ብናኙን አትተንፍስ፤ እጅህን ሳትታጠብም እንጀራ እንዳትቆርስ። ከዋናው ቀለም በፊት የሚረጨውን የመነሻ ቀለም ደግሞ ዝናብ መሃል አትርጭ። የጅማን እርጥበት ታውቀዋለህ፤ ቀለሙን ያበላሸዋል። ፀሐይ የወጣበትን ረፋድ ጠብቅ።