አጣናውን ያሰረው ማን ነው?

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። ግንባታው ካላለቀ ፎቅ ጫፍ ላይ የቆመ ወጣት አንድ እግሩን ወደ ባዶው ዘርግቶ ይስቃል። «ጋሼ፣ ድፍረቱ አይገርምም?» አለኝ። እኔ የማየው ልጁ የቆመበትን ጣውላ ነበር። ዕድሜውን በሕንፃ ሥራ የጨረሰ ሰው ዓይን ከዚያ አያልፍም።

ያን ጊዜ የፊሊፕ ፔቲን ነገር አጫወትኩት። ነሐሴ 1 ቀን 1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1974) ማለዳ ነው። እኛ አገር ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ወር ገደማ ቀርቷቸው ስለነበር፣ ለእንዲህ ያለው ወሬ ጆሮ የነበረው ሰው ጥቂት ነው። ኒው ዮርክ ላይ ግን መንገደኛው አንጋጦ ቆሟል። አንድ የ24 ዓመት ፈረንሳዊ በሁለቱ የዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃዎች መካከል፣ ከመሬት 400 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በተወጠረ የብረት ገመድ ላይ ይራመዳል። ከሥሩ መረብ የለም፤ ወገቡም አልታሰረም። ለ45 ደቂቃ ያህል ተመላለሰ፤ ተንበረከከ፤ ጭራሽ ገመዱ ላይ ጋደም አለ።

ሰው የሚያወራው ስለ እነዚያ 45 ደቂቃዎች ነው። እኔን የሚያስቀናኝ ከዚያ በፊት የነበረው ስድስት ዓመት ነው። ፔቲ ጥርሱን ሊታከም ተራ ሲጠብቅ የሕንፃዎቹን ሥዕል ጋዜጣ ላይ ሲያይ ገና 18 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ሕንፃዎቹን ደጋግሞ ሄዶ አጠና፤ ሞዴላቸውን ሠራ፤ ፈረንሳይ ውስጥ ሜዳ ላይ ገመድ ወጥሮ ጓደኞቹ እያወዛወዙበት ተለማመደ። ረጅም ሕንፃ በነፋስ ይወዛወዛል። ሁለቱ ሕንፃዎች ለየብቻቸው ሲወዛወዙ በመካከላቸው ያለው ርቀት ይቀያየራል፤ ገመዱም አንዴ ይከርራል፣ አንዴ ይላላል። ዋናውን ገመድ ግራና ቀኝ ወጥረው የሚይዙ ሌሎች ገመዶች የሚያስፈልጉትም ለዚህ ነው። ከታች የሚያየው ሰው እነዚህን ልብ አይላቸውም።

ያ ሌሊትም ቢሆን የጉልበት ሌሊት ነበር። ጓደኛው ከአንደኛው ጣሪያ ወደ ሌላው በቀስት የዓሣ ማጥመጃ ክር ወረወረ። በክሩ ቀጭን ገመድ፣ በቀጭኑ ወፍራም፣ በወፍራሙ ደግሞ 200 ኪሎ ያህል የሚመዝነው ብረት ተሳበ። ብረቱ መሀል ላይ አምልጦ ቁልቁል ስለተንጠለጠለ በእጅ ጎትተው እስኪመልሱት ድረስ ሰዓታት ፈጀባቸው። ያለ ፈቃድ መግባቱን አላመሰግንለትም፤ የእኔ ሳይት ቢሆን ኖሮ ለፖሊስ ቀድሜ የምደውለው እኔ ነበርኩ።

የሌላው ገመድ ተራማጅ፣ የካርል ዋሌንዳ መጨረሻ ግን እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። በ1970 ዓ.ም. መጋቢት ወር በፖርቶ ሪኮ፣ ሳን ሁዋን ከተማ፣ በሁለት የሆቴል ሕንፃዎች መካከል ሲራመድ ነፋስ መጣ፤ ወድቆ ሞተ። የ73 ዓመት አዛውንት ነበር፤ ዕድሜውን ገመድ ላይ የጨረሰ። ቤተሰቡ ጥፋቱን ያገኘው እነዚያ የጎን ገመዶች በታሰሩበት መንገድ ላይ ነው። ድፍረትም ልምድም አልጎደለውም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ አንድ ደፋር ሥራ ባያችሁ ቁጥር ዓይናችሁን ከሰውየው አንሥታችሁ ወደ ቋጠሮው ላኩ። የራሳችሁ ሥራ ሲሆን ደግሞ ቋጠሮውን በገዛ እጃችሁ ነክታችሁ እዩት።

ይህን ለመምከር ብቁ የሆንኩት ስለተሳሳትኩ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በተዘረጋ የባህር ዛፍ አጣና ላይ እጄን ኪሴ ከትቼ ተሻገርኩ። ሠራተኞቹ እንዲያዩኝ ነበር፤ አይተውም አጨበጨቡልኝ። አንድ ሽማግሌ አናጢ ግን ወደ እኔ መጡና በቀስታ «ኢንጂነር፣ ይህን ያሰረው ማን እንደሆነ ያውቃሉ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። ጎንበስ ብለው ሽቦውን በሁለት ጣታቸው ብቻ ጠምዘዝ ሲያደርጉት ተፈታ። ከዚያ ፒንሳቸውን አውጥተው እንደገና አሰሩት፤ በእግራቸው ረገጥ ረገጥ አድርገው ሞከሩት፤ ቀና ብለውም «አሁን ይሻገሩ» አሉኝ።

እኔ ግን በደረጃው ወረድኩ።