ጥያቄና መልስ፦ በእንግሊዝኛ ክፍል የሚናገረው ማን ነው?

ለዛሬ ከመረጥኋቸው ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚነሡት ከአንድ ችግር ነው፤ እንግሊዝኛ አንብቦ የሚረዳና ጽፎ ፈተና የሚያልፍ ተማሪ በክፍል ውስጥ ተናገር ሲባል አንደበቱ ለምን ይያዛል? ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ በራሴ አገላለጽ አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ መምህር፣ ተማሪዎቻቸው በጽሑፍ ፈተና ደኅና ውጤት ቢያመጡም የቃል ጥያቄ ሲቀርብላቸው አንገታቸውን እንደሚደፉ፣ እጅ የሚያወጡትም ሁልጊዜ እነዚያው ሦስት ልጆች እንደሆኑ ጽፈው፣ ነገሩ ስንፍና ይሁን ፍርሃት እንድነግራቸው ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ስንፍና አይደለም። ፍርሃት አለበት፤ ከፍርሃቱ በፊት ግን የጊዜ እጥረት አለ። ጥያቄዎን ተናግረው ከጨረሱ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቁ ቆጥረው ያውቃሉ? ሜሪ ባድ ሮው የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ የተቀዱ የሳይንስ ትምህርቶችን አዳምጠው፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚታገሡት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ትዕግሥቱ ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያድግ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ሳይጠሩ በራሳቸው ፈቃድ የሚናገሩት በዙ፣ ጥያቄው መልስ አጥቶ የሚቀርበትም ጊዜ ቀነሰ። ተማሪው በሌላ ቋንቋ እንዲመልስ ሲጠየቅ ደግሞ ሸክሙ ምን ያህል እንደሚከብድ ያስቡት፤ ጥያቄውን መረዳት፣ ሐሳቡን ማግኘት፣ ቃላቱን መፈለግ፣ ግሡን በትክክለኛው ጊዜ ማስቀመጥ፣ ድምፁን ማስተካከልና የጓደኞቹን ሳቅ መፍራት፣ ይህ ሁሉ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ይጠበቅበታል።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በማስተማር ዘመኔ አንድ ቀን ሙሉ ክፍለ ጊዜዬን በድምፅ ቀድቼ ሳዳምጠው፣ ከጠየቅኋቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹን የመለስኋቸው እኔው ራሴ ሆኜ አገኘሁት። ዝምተኞች ናቸው ብዬ ያዘንሁባቸውን ልጆች ዝም ያሰኘኋቸው እኔ ነበርሁ። እርስዎም አንድ ቀን ትምህርትዎን ቀድተው እንዲያዳምጡ አጥብቄ እመክርዎታለሁ።

መጠበቅ ብቻውን ግን አይበቃም። ስሙ ተጠርቶ የቆመ ልጅ፣ የክፍሉ ዓይን ሁሉ እርሱ ላይ አርፎ ሳለ የሚሰጠው ሦስት ሰከንድ እፎይታ ሳይሆን ጭንቀት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይለውጡ፤ አስቀድመው ይጠይቁ፣ ሁሉም እንዲያስብ ጊዜ ይስጡ፣ ስም የሚጠሩት ከዚያ በኋላ ይሁን። ጥያቄው ከበድ ያለ ከሆነ አንድ ደቂቃ በደብተራቸው ጥቂት ቃላት እንዲጽፉ፣ ቀጥሎ አጠገባቸው ላለው ጓደኛ እንዲናገሩ፣ በመጨረሻ ለክፍሉ እንዲያቀርቡ ያድርጉ። ፍራንክ ላይማን ይህን ማሰብን፣ ከጓደኛ ጋር መነጋገርንና ለክፍሉ ማካፈልን በተከታታይ የሚያስኬድ ዘዴ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ዛሬ ብዙ መምህራን ስሙን ያውቁታል፤ የመጀመሪያውን ደረጃ፣ ማለትም የጸጥታውን ደቂቃ፣ ዘለው «ተወያዩ» የሚሉት ግን ጥቂቶች አይደሉም። ጥቅሙ ያለው ግን እዚያው ላይ ነው፤ ተማሪው ለክፍሉ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ የታሰበበት፣ አንድ ጊዜም ለአንድ ሰው የተነገረ ይሆናልና።

የጥያቄውንም ዓይነት ይመርምሩት። የአንድን ግሥ ኃላፊ ጊዜ መጠየቅ ፈተና ነው፤ የሚመልሰው ልጅ ወይ ትክክል ወይ ስህተት ከመሆን ሌላ ዕድል የለውም። በታሪኩ ውስጥ ከሁለቱ ወንድማማቾች የትኛው እውነት እንዳለው፣ ለምንስ እንደዚያ እንዳሰበ ቢጠይቁት ግን የራሱ ሐሳብ ይኖረዋል፤ የሚናገረው ያለው ሰው ደግሞ ቃሉ ቢጎድለው እንኳ ይሞክራል። መነሻ የሚሆኑትን አባባሎች፣ «አይ ቲንክ… ቢኮዝ…»፣ «አይ ዲስአግሪ ቢኮዝ…»፣ «ኩድ ዩ ሪፒት ዛት፣ ፕሊዝ?» የመሳሰሉትን፣ በሰሌዳው ጥግ ጽፈው ዓመቱን ሙሉ አያጥፏቸው። እነዚያን ሦስት ልጆች ደግሞ ዝም አያሰኟቸው፤ የራሳቸውን ሳይሆን የጓደኛቸውን ሐሳብ እንዲያቀርቡ ያድርጉ፣ ያን ጊዜ ማዳመጥም ይለምዳሉ።

ፍርሃቱን በተመለከተ፣ ኢሌን ሆርዊትዝና ሁለት ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1986 የውጭ ቋንቋ ክፍል ጭንቀትን የሚለካ 33 ዐረፍተ ነገሮች ያሉት መጠይቅ ሲያቀርቡ፣ ይህ ጭንቀት ከሌላው ዓይን አፋርነት የተለየ ጠባይ እንዳለው ተከራክረዋል። በራሱ ቋንቋ ብልህና ጨዋታ አዋቂ የሆነ ሰው በአዲሱ ቋንቋ የሕፃን ያህል ብቻ መናገር ሲችል ማንነቱ ያነሰ ይመስለዋል። በዕረፍት ሰዓት ጓደኞቹን ሲያስቅ የሚውለው ልጅ በእርስዎ ክፍል ድምፁ የሚጠፋው ስለዚህ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ አንድ ወጣት የእንግሊዝኛ ፊልሞችን ከነጽሑፋቸው ማየት ለመናገር ይበቃ እንደሆነ ይጠይቃል።

መልስ፦ ጆሮህንና የቃላት ዕውቀትህን ያዳብርልሃል፤ ለመናገር ግን መናገር አለብህ።

ጥያቄ፦ አንዲት መምህርት ስህተት ወዲያውኑ ካልታረመ ሥር ይሰድዳል ብለው ስለሚያምኑ እያንዳንዱን ስህተት እዚያው እንደሚያርሙ፣ ባልደረባቸው ግን ይህን በመቃወማቸው መከራከራቸውን ይገልጻሉ።

መልስ፦ በዓላማዎ ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ስህተትን ጨርሶ አለማረም ተማሪውን መናቅ ነው። በመንገዱ ግን አልስማማም። ሮይ ሊስተርና ሊላ ራንታ በካናዳ በፈረንሳይኛ የሚማሩ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ሥራ፣ መምህራኑ ከተጠቀሙባቸው 6 የእርማት ዓይነቶች ከግማሽ በላይ የሆነው የተማሪውን ዓረፍተ ነገር አስተካክሎ መልሶ መናገር ነበር፤ ተማሪዎቹ እርማቱን ተቀብለው ምላሽ የሰጡት ግን በዚህ ዘዴ ከተሞከሩት ከሲሶው ባነሰ ጊዜ ነው። ልጁ መምህሩ «አዎ» ያለው ይመስለውና ያልፋል። ተማሪው ራሱ እንዲያስተካክል የሚጋብዙት መንገዶች፣ ለምሳሌ ዓረፍተ ነገሩን ከስህተቱ በፊት ላይ አቁሞ እንዲጨርሰው መጠበቅ፣ የተሻለ ምላሽ አግኝተዋል።

ከዚህ ተነሥቼ የምመክርዎት ጊዜውን እንዲለዩ ነው። የሰዋስው ልምምድ ላይ ሳሉ ወዲያው ያርሙ፤ ልጁ ሐሳቡን እየገለጸ ሳለ ግን መልእክቱ ካልጠፋ በስተቀር አያቋርጡት። ብዕርዎን ይዘው ስህተቶቹን ይመዝግቡ፣ ውይይቱ ሲያልቅ አራት ወይም አምስት ዓረፍተ ነገሮችን ያለ ባለቤት ስም በሰሌዳ ላይ ይጻፉና ክፍሉ ራሱ ያርማቸው። ከመካከላቸው አንድ ሁለቱ አምረው የተነገሩ ይሁኑ። እነዚያን ባለቤታቸውን ጠርተው ቢያመሰግኑ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ አንዲት እናት የ6 ዓመት ልጃቸው በእንግሊዝኛ ብቻ ወደሚያስተምር ትምህርት ቤት ከገባች አምስት ወር ቢሞላትም እዚያ አንዲት ቃል እንዳልተነፈሰች፣ ቤት ስትመለስ ግን ወሬዋ እንደማያልቅ ጽፈዋል። መምህሯ «ትለምዳለች፣ ተዉአት» እንዳሏቸውም ይናገራሉ።

መልስ፦ መምህሯ በከፊል እውነት አላቸው። አዲስ ቋንቋ ወደሚነገርበት ቦታ የገቡ ብዙ ልጆች ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እያዳመጡ ዝም ይላሉ፤ ይህ ዝምታ የመማር አንድ ክፍል ነው። እንደነዚህ ያሉ ልጆች ግን በጣታቸው ይጠቁማሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ይጫወታሉ፣ ቋንቋቸውን የሚያውቅ ልጅ ሲያገኙም ያወራሉ።

ስለዚህ ሄደው በዓይንዎ ይመልከቱ። ልጅዎ በዕረፍት ሰዓት ቋንቋዋን ከሚናገሩ ልጆች ጋር እንኳ የማታወራ ከሆነ፣ ሰው ሲያናግራት ሰውነቷ የሚደርቅ ከሆነ፣ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ መጠየቅ እስኪያቅታት የምትጨነቅ ከሆነ፣ ይህ የቋንቋ እጥረት ላይሆን ይችላል። ሰሌክቲቭ ሚዩቲዝም የሚባል፣ ልጁ በአንዳንድ ቦታ እየተናገረ በሌላ ቦታ መናገር የሚያቅተው የጭንቀት ችግር አለ። ባለሙያዎች ይህን የሚሉት ዝምታው ቢያንስ 1 ወር ከቆየ ነው፤ ትምህርት የተጀመረበት የመጀመሪያው ወር ብቻውን አይቆጠርም፣ ልጁ ቋንቋውን ባለማወቁ ብቻ ዝም ካለም ይህ ስም አይሰጠውም። ልዩነቱን በደብዳቤ መለየት አልችልም፤ እርስዎም ሆኑ መምህሯ በግምት እንዲለዩት አልፈልግም። የልጅዎን ጆሮ ያስመርምሩ፣ ከዚያም የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ባለሙያ ወይም የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ይውሰዷት። ይህን ለደንብ ያህል የተጻፈ ምክር አድርገው እንዳይወስዱብኝ እለምንዎታለሁ። የዓመቱን መጨረሻ አይጠብቁ፤ እርዳታው ሲፈጥን ውጤቱ ይሻላል። እስከዚያው ማንም «እስቲ ደኅና ዋሉ በይ» እያለ አያስጨንቃት፣ ስለ ዝምታዋም እፊቷ አይወራ። በቤት የምትናገረውን ቋንቋ ለእንግሊዝኛ ብለው አያስተዉአት።

ጥያቄ፦ አንድ ርዕሰ መምህር በእንግሊዝኛ ክፍል የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን የሚናገሩ ተማሪዎችን መቅጣት ተገቢ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ተገቢ አይደለም። ቅጣቱ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ከክፍሉ ያስወጣ ይሆናል፤ በቦታው የሚገባው ግን ዝምታ እንጂ እንግሊዝኛ አይደለም። ተማሪዎቹ ሐሳባቸውን በሚያውቁት ቋንቋ ለሁለት ደቂቃ ካዘጋጁ በኋላ በእንግሊዝኛ እንዲያቀርቡት ያስደርጉ፤ እባክዎ ቅጣቱን ዛሬውኑ ያንሱት።

ጥያቄ፦ በሥራ ላይ ያሉ የማታ ተማሪ የአነጋገር ቅላፄያቸው ስለሚያሳፍራቸው ክፍል ውስጥ እንደማይናገሩ ይገልጻሉ።

መልስ፦ ቅላፄ ጉድለት አይደለም፤ የሚፈለገው አድማጭ እንዲረዳዎት ነው። ጄኒፈር ጄንኪንስ የተለያየ አፍ መፍቻ ቋንቋ ያላቸው ሰዎች በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ መግባባትን የሚያደናቅፈውን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2000 ባቀረቡት ሐሳብ፣ ትኩረት የሚሹት የአናባቢዎች መርዘምና ማጠር፣ በቃል መነሻ ላይ የሚደራረቡ ተነባቢዎች፣ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ዋናውን ቃል አጉልቶ መጥራትና የመሳሰሉት ናቸው። ብዙዎች የሚጨነቁበት፣ ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚወጣው ድምፅ ከእነዚህ ውስጥ የለም። ከፈለጉ የድምፅ አወጣጥ አሠልጣኝ ያማክሩ።

ጥያቄ፦ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ የምታቀርበውን ንግግር በቃሏ ሸምድዳ ብትሄድም መካከል ላይ ሁሉም እንደሚጠፋባት ትናገራለች።

መልስ፦ የጠፋብሽ አንድ ቃል ነው፤ በሽምደዳ ስለያዝሽው ግን አንዱ ሲጠፋ የቀረውም ተከትሎት ይሄዳል። ዓረፍተ ነገሮችን ሳይሆን የሐሳቡን ቅደም ተከተል ያዢ፤ በትንሽ ወረቀት ላይ ከአምስት ስድስት ቃላት በላይ አትጻፊ። ከዚያም ያንኑ ንግግር ለሦስት የተለያዩ ሰዎች፣ ለመጀመሪያው በ4፣ ለሁለተኛው በ3፣ ለሦስተኛው በ2 ደቂቃ ተናገሪው። ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ1989 ያጠኑት ይህ ልምምድ የንግግርን ፍጥነት የሚጨምርና መደነቃቀፍን የሚቀንስ ሆኖ ተገኝቷል። አድማጩ በየጊዜው ስለሚለወጥ መድገሙ አይሰለችሽም።

ጥያቄ፦ የመጨረሻው ደብዳቤ ከአንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ የመጣ ነው። መምህሩ ስሙን ሲጠሩት መልሱን እያወቀው ቃላቱ እንደሚዘገዩበት፣ እስኪመጡለትም መምህሩ ወደ ሌላ ልጅ እንደሚያልፉት ይናገራል።

መልስ፦ ልጄ፣ ቃላቱ እስኪመጡልህ ዝም አትበል፤ «ሌት ሚ ቲንክ ፎር ኤ ሞመንት» በል። ቤትህ ሆነህ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ብዙ ጊዜ ተለማመደው፣ ስምህ ሲጠራ ሳታስብ እንዲመጣልህ። መምህርህም እያሰብህ መሆኑን ያውቃሉ። እንደዚያም ብለህ ካለፉህ፣ ከክፍል በኋላ ቀርበህ በአክብሮት ጥቂት ሰከንድ እንዲጨምሩልህ ጠይቃቸው።