ስሙን ስትጠሩ የማን ወኪል ናችሁ?

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ ስመለስ ከኋላዬ ሁለት ወጣቶች ተቀምጠው ስለ ስልክ ዋጋ ይከራከራሉ። አንዱ «ማርያምን በዚህ ዋጋ አታገኘውም» ይላል። ሌላው «በጌታ! ትናንት ራሴ ጠይቄ ነው የመጣሁት» ይላል። የሐረጎን ዳገት ጨርሰን ደሴ እስክንገባ ድረስ መድኃኔዓለምም፣ ሚካኤልም፣ ገብርኤልም ለዚያች ስልክ ተጠሩ። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ስወርድ ዕቃዬን ያወረዱልኝ እነሱው ናቸው። ግን ስሞቹ አፋቸው ላይ ምንም አይከብዱም ነበር። ይሄ ነገር ቤት ከገባሁም በኋላ አልለቀቀኝምና ልጽፍላችሁ ተነሳሁ።

እኔ የሃይማኖት መምህር አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በጥብቅና ነው። መጀመሪያ ፍርድ ቤት ደጅ ራፖር ጸሐፊ፣ የሰው አቤቱታ የምጽፍ፣ ነበርኩ፣ በኋላ ጠበቃ ሆንኩ። በዚህ ሥራ ስም ቀላል ነገር አይደለም። በክርስትና ስሟ አንድ ወረቀት፣ በመጠሪያ ስሟ ሌላ ወረቀት ያላት እናት ሁለቱም እኔው ነኝ ብላ በምስክር እስክታስረዳ ድረስ ወራት ሲፈጅባት አይቻለሁ።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን ውክልና ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ ውጭ አገር ያለ ወንድሙ የሰጠውን ጠቅላላ ውክልና ይዞ መጣ። ቤቱን ልሸጥ ነው፣ ውል አዘጋጅልኝ አለኝ። ሳነበው ስለ መሸጥ አንድም ቃል የለበትም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፣ ጠቅላላው አይበቃም። ይህን ስነግረው ተቆጣ። «ስሙ እኮ በእጄ ነው!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ስሙ በእጁ ነበር። የወንድሙ ፈቃድ ግን በእጁ አልነበረም።

ያን ቀን ማታ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 14ን ሳነብ «በስሜ ብትለምኑ» የሚለው ላይ ቆምኩ። ስንት ዓመት ያነበብኩት ነው። ለካ ይሄ ሰዎች እንደሚያስቡት በጸሎት መጨረሻ የሚለጠፍ ማኅተም አይደለም። በእርሱ ስም የሚለምን ሰው እርሱ የማይፈልገውን ሊለምን አይችልም፤ ከለመነም ከውክልናው ውጭ ወጥቷል።

ሙሴም እኮ የጠየቀው ይህንኑ ነው። ሂድ ሲባል፣ የላከህ ማን ነው ስሙስ ማን ነው ቢሉኝ ምን እላቸዋለሁ አለ። ማንም ዳኛ ፊቱ የቆመን ወኪል የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፦ የማን ወኪል ነህ? የተሰጠው መልስ ደግሞ «ያለና የሚኖር እኔ ነኝ» የሚል ነበር። አይሁድ ይህን ስም ከመፍራታቸው የተነሳ በአፋቸው መጥራቱን ትተው በምትኩ «አዶናይ»፣ ጌታዬ፣ ይሉ ጀመር። በግሪክ የተረጎሙትም «ኪርዮስ»፣ ጌታ፣ አሉት። የእኛ አባቶች በግዕዝ «እግዚአብሔር» አሉ። እግዚእ ጌታ ነው፣ ብሔር አገር ነው፣ ዓለም ነው። የአገር ሁሉ ጌታ ማለት ነው። በቀን ስንት ጊዜ እንለዋለን፣ ግን ቃሉን ለሁለት ከፍለን አይተነው እናውቃለን?

ከዐሠርቱ ትእዛዛት «ስሙን በከንቱ አትጥራ» የሚለውም በዕብራይስጡ የተጻፈው ማንሳት፣ መሸከም በሚል ቃል ነው። ስሙን በከንቱ አትሸከም እንደ ማለት ነው። እንግዲህ ነገሩ መሐላ ብቻ አይደለም። አንገቱ ላይ መስቀል አስሮ ሚዛን የሚያጭበረብር ነጋዴ አንድ ጊዜም ሳይምል ይህን ትእዛዝ ሊያፈርስ ይችላል።

ወደ ሌሎቹ ስሞች ልምጣ። ኢየሱስ የሚለው ስም ከኢያሱ ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱም እግዚአብሔር ያድናል ከሚለው የዕብራይስጥ ስም የመጡ ናቸው። ለዚህ ነው መልአኩ ለዮሴፍ ስሙን ከሰጠው በኋላ «ሕዝቡን ከኃጢአታቸው ያድናቸዋልና» ብሎ ምክንያቱን የነገረው። ክርስቶስ ግን ማዕረግ ነው። በግሪክ የተቀባ ማለት ነው፣ በዕብራይስጡ መሲሕ። በዘይት የሚቀቡት ንጉሥና ካህን ነበሩ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ዒሳን አል-መሲሕ ብለው ይጠሩታል።

እዚህ ላይ አገራችሁን እወቁ ልበላችሁ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሊቃውንቱን ሰብስበው ያከራከሩት እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ነው። ከክርክሩ ዋና ነገሮች አንዱ ክርስቶስ ተቀባ ሲባል ምን ማለት ነው የሚለው ነበር። በመቀባቱ ሦስተኛ ልደት አለው የሚሉ ነበሩ፣ ልደቱ ሁለት ብቻ ነው የሚሉ ነበሩ፤ የረቱት ሁለተኞቹ ናቸው። ዛሬ ታክሲ ውስጥ የምንወረውረው ማዕረግ ያኔ ንጉሥና ሊቃውንት ያስቀመጠ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሱ ተገደዱ፣ የወሎው መሪ መሐመድ ዓሊ የነበሩትም ሚካኤል ተባሉ። በግድ የተጫነ ስም ምን ያህል እንደሚያቆስል ወሎ ከማንም በላይ ያውቃል። ክቡር ስም በሰው ላይ መደብደቢያ ሲሆን እኔ በበኩሌ ከከንቱ መሐላም የባሰ ነው እላለሁ።

የሰው ልጅ የሚለውን ደግሞ ግዕዙ «ወልደ እጓለ እመሕያው» ይለዋል። እጓል ልጅ ነው፣ እም እናት ናት፣ ሕያው ያው ሕያው ነው። የሕያዋን ሁሉ እናት የተባለችው ሔዋን ናት፣ የእሷ ልጅ ልጅ ማለት ነው። እንዲህ ያማረ ቃል እያለን ሳንሰማው ስንሞት ያሳዝነኛል። መድኃኔዓለምም እንዲሁ ነው፤ በየወሩ በ27 የምንዘክረው ስም መድኃኒት የሚለውን ቃል ይዟል። መድኃኒት በግዕዝ የፋርማሲውን ክኒን ብቻ ሳይሆን መዳንን፣ አዳኝን ይላል።

እኔን ግን አንጀቴን የሚበላኝ ጰራቅሊጦስ ነው። ብዙዎቻችሁ ከትንሣኤ በኋላ በ50ኛው ቀን የሚውል በዓል መሆኑን ነው የምታውቁት። ቃሉ ግሪክ ነው፣ ወደ ጎን የተጠራ ማለት ነው፤ ችግር ሲገጥምህ ና አጠገቤ ቁም የምትለው ሰው። በዮሐንስ ወንጌል 14 አጽናኝ ተብሎ ተተርጉሟል። በመጀመሪያይቱ የዮሐንስ መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ ስለ ኢየሱስ ሲነገር ግን ያው ቃል «ጠበቃ» ተብሏል። «ከአብ ዘንድ ጠበቃ አለን» ይላል። በወንጌሉ «ሌላ አጽናኝ» ያለውም ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያው እርሱ ራሱ ነበር። ሰይጣን ደግሞ በዕብራይስጡ ባላጋራ ነው፣ ራእይም የወንድሞቻችን ከሳሽ ይለዋል። ከሳሹም ጠበቃውም በስማቸው ተጽፈው ተቀምጠዋል። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ሥራዬን ለብቻው፣ ጸሎቴን ለብቻው ማድረግ አልቻልኩም።

አንዲት እናት ነበሩ። በገንዘብ ተከሰው ብቻቸውን ችሎት ቆመው ነበር። ዘመድ የለ፣ ልጅ የለ፣ እጃቸው ነጠላቸውን ይፈትላል። ዳኛው ጠበቃ አለዎት ወይ ሲሏቸው ዝም አሉ። እኔ ለሌላ ጉዳይ ነበር የተቀመጥኩት። ተነሳሁና ቀጠሮ እንዲሰጠንና ውክልና እንድንሞላ ጠየቅሁ። ወደ እሳቸው ዞሬ «አብሽሩ እናቴ፣ አለሁልዎት» አልኳቸው። ክሱ ገና አልተሰማም፣ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። እሳቸው ግን እጃቸውን ከነጠላቸው ላይ አነሱ። ለሙሴ የተነገረው «ያለ» የሚለው ቃልና የእኛ «አለሁልህ» ከአንድ ግሥ የወጡ መሆናቸው ትዝ ያለኝ ከችሎት ወጥቼ በፒያሳ በኩል ወደ ቤቴ ስሄድ ነው።